ሰውየው የሌለበት ሙሾ

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ደብሬ፣ ናዝሬት፤

በቅድሚያ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን የጻፍኩት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላለን ነው። የኔ ሰላምታ ሌላ ነው፤ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ፣ ዓይንዎን ይማርልዎ፣ የናዝሬትን ሙቀት ያብርድልዎ።

እኛ አለን። ውኃው ዘንድሮም ዘግይቶ ነው ከሜዳው የሸሸው፤ ሽምብራውን የዘራነው በጭቃ እየሰመጥን ነው። ስብሰባው አላለቀም፣ መዋጮው አላለቀም፤ ያለቅነው እኛ ነን።

አሁን የምሥራቼን ልንገርዎ። የልጅዎ የንብረት መርዶ መጥቶ፣ ለቅሶው ሲያበቃ እርስዎ ወደ ልጅዎ ወደ አመተ ሥላሴ ከሄዱ ወዲህ በዚህ አገር አልቃሽ የለም። ሰው ይሞታል፣ እንጮሃለን፣ ንፍሮ በልተን እንበተናለን። ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አድማሴ ሲሞት ግን አንድ ነገር ገፋኝና ከሴቶቹ መካከል ወጥቼ ሙሾ አወረድኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦

ያ ቀንዳሙ በሬ ከበረቱ ቆሞ፣
ሲጣራ አመሸ ስምህን ደጋግሞ።
ጠመንጃው ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ፣
የፎገራው ጀግና ዛሬማ ፈረሰ።

አክስቴ፣ ቢያዩት! የበሬውን ስል ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ ከወንዶቹ መካከል የቆመውን መንግሥቴን አየው፤ ምን እንዳየበት እንጃ። የአድማሴ ሚስት ወለተ ሚካኤል ደግሞ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ከቤት ገባች። ግጥሜ አንጀቷ ድረስ ገባ አልኩ። ባሌ አያልነህ ማታ «ደሞ አልቃሽ ሆንሽልኝ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ እሱ ይሳቅ። እኔ ካሁን ወዲያ ይህን ሥራዬ ብዬ ልይዘው ነው። በእርሻም በስብሰባም የኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ ይህ የኔ ነው።

ስለዚህ ልመና አለኝ። ከቀድሞ ግጥሞችዎ የሚያስታውሱትን ይጻፉልኝ። ጥቁር ነጠላም ቢገኝ አልጠላም፤ ከሐሙሲት ሲጠሩኝ በዚህ ቡትቶ መሄድ ነውር ነው።

የወንድምዎ ልጅ ይታይሽ


ናዝሬት፣ ጥር 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለይታይሽ፤

ሚካኤል ካጠገብሽ አይራቅ። ያንን አብዮታዊ ሰላምታ ለአስተማሪሽ መልሺለት። እኔንም እዚህ ቀበሌ ውስጥ ፊደል ያስቆጠሩኝ እንዲያው ነበር ያሉኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል መቁጠሬ ይበቃቸዋል።

ደብዳቤሽን አንዴ ለናፍቆቴ አነበብኩት፣ አንዴ ለግጥሙ። ስለ ግጥሙ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌላ ሰው አይነግርሽም።

ድምፅሽን ድሮም አውቀዋለሁ። ግጥሙም ቤት ይመታል። ሰውየው ግን የለበትም። አድማሴ መቼ ነው ጠመንጃ የያዘው? እኔ የማውቀው አድማሴ ሠርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ጆሮውን ይዞ በረት የሚገባ ሰው ነው። ያ ጠመንጃ የኔ ነው። ስንት ዘመን አልፎታል፣ ለሌላ ሰው ያወረድኩት ነው፤ አንቺ በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ሰምተሽዋል። ከዚያ ሬሳ ላይ ገፈሽ ለአድማሴ አለበስሽው።

ደግሞ ሰዉ ለምን መንግሥቴን አየ? «እንጃ» ብለሽ አለፍሽው። አልቃሽ እንጃ አትልም። እኔ ሙሾ ከማውረዴ በፊት ጓዳ ገብቼ ከሚያቦኩትና ከሚፈጩት ሴቶች ጋር እቀመጥ ነበር። ምን ይወድ ነበር፣ ምን ይፈራ ነበር፣ በመጨረሻ ምን አለ ብዬ እጠይቃለሁ። ሙሾ የሚጀመረው እዚያ ነው። አንቺ ከሰዉ ፊት ጀመርሽው። አልጠየቅሽም። ሄደሽ ወለተ ሚካኤልን ጠይቂ።

ግጥም አልልክልሽም። የኔ ግጥም የተለበሰ ልብስ ነው። ነጠላውን ግን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። አንቺ የቁሐርን ሽምብራ ቆልተሽ ላኪልኝ፤ የዚህ አገሩ አፈር አፈር ይላል።

አክስትሽ ደብሬ


ቁሐር ሚካኤል፣ ሰኔ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትዬ ደብሬ፤

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ቆመን እንሄዳለን።

ደብዳቤዎ የካቲት ላይ ደርሶኛል። እስካሁን ያልመለስኩት ተቀይሜ ነው፤ ምን ልዋሽዎ። አገር ሁሉ «አፍሽ ይባረክ» ሲለኝ ከገዛ አክስቴ «ከሬሳ ገፈፍሽ» መባል አነደደኝ። አያልነህ እንኳ ደብዳቤውን አንብቤለት አልሳቀም፤ «እሷ የራሷን ትየው» ነው ያለው። እኔም ልጽፍልዎ የነበረው ይህንኑ ነበር። አሁን ሳስበው ባለመጻፌ ደስ ይለኛል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። እንዳሉኝ ጠየቅኋት። አድማሴ ከተኛ ወዲህ ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ጠፍቶ በሬውን ለመንግሥቴ ሸጠችው። ለባሏ ግን አልነገረችውም። በሬውን ይወደው ነበርና፣ ማታ ማታ ካልጋው ሆኖ «በሬው ገባ?» ይላታል፤ እሷም «ገባ» ትለዋለች። ገባ እንዳለችው ሞተ። ጎረቤቱ ያውቃል፣ መንግሥቴም ያውቃል፤ ማንም አፉን አልከፈተም። እኔ ብቻ ያ ሁሉ ሕዝብ ከቦኝ፣ ከሬሳው ፊት፣ በሬው ከበረቱ ቆሟል ብዬ ዘፈንኩባት። አንጀቷ ገባ ያልኩት ይኸው ነበር።

እግሯ ላይ ወደቅኩ። «ተነሽ፣ አንቺ ምን ታውቂ» አለችኝ። ከስድቡ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

ከሐሙሲት የጠራኝ የለም። እዚሁም ሁለት ለቅሶ አለፈኝ፤ እንባዬን ጠርጌ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ሽምብራውን በደሴ እጅ ልኬያለሁ፤ ለመንጃ ፈቃድ ወደዚያ የሚሄደው የመንግሥቴ ልጅ ነው። አባቱ «ለደብሬ ከሆነ» ብሎ ከራሱም ጨምሮበታል።

ይታይሽ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለይታይሽ፤

ሽምብራው መጣ። ጥርሴ ስለማይችለው አፌ ውስጥ አቆየዋለሁ።

መቀየምሽ ደግ ነው፤ የማይቀየም ሰው አልሰማም ማለት ነው። ተቀይመሽ መሄድሽ ግን ከሁሉ በለጠኝ። እኔ በጉብዝናዬ ይህን ያህል ልብ አልነበረኝም፤ የተናገረኝን ሁሉ በግጥም እሰድበው ነበር።

ረጅም መጻፍ አልቻልኩም። ፊደሉ ይሸሸኛል። ነጠላውን ደሴ ሲመለስ ያመጣልሻል።

ደብሬ


ቁሐር ሚካኤል፣ ጥቅምት 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ደብሬ፤

ዓይንዎን የፈጠረው ጌታ ይመልስልዎ። ነጠላው ደረሰኝ፤ መጀመሪያ የለበስኩት ግን ለሐዘን ሆነ። ወንዝ ዳር የነበሩት እማማ ገላነሽ አረፉ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጥቶ ነበርና ሬሳቸውን በውኃ መካከል ነው ተሸክመን የሄድነው፤ ቄሶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ እኛም እርስ በርስ ተያይዘን። የኔ ነገር ሆኖ እዚያም ላይ ሆኜ ስለ ግጥሙ አስብ ነበር።

ከጓዳ ገብቼ ጠይቄያለሁ። ዳቦ ከሚያቦኩት ጋር አመሸሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ሁሉንም አወረድኩት። ዱላቸውን አነሣሁ፣ የከሰረውን እርሻቸውን አነሣሁ፣ ምራታቸው ጎጆ ለይታባቸው ሁለት ክረምት ሳትጠይቃቸው መቅረቷንም አነሣሁ። ምራቲቱ ተነሥታ ወጣች። ግማሹ ሰው «እውነት ነው» አለ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ከሁሉ ይህችኛዋን ይመልከቱልኝ፦

ውኃው ሲሞላብን ዱላዋን ዘርግታ፣
ስንቱን አሻገረች ከጧት እስከ ማታ።

እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። እቀየም ይሆናል፤ ግን ቶሎ እመልሳለሁ።

ይታይሽ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይታይሽ፤

ለገላነሽ ነፍስ ይማር። እኔንም ልጅ ሆኜ በዚያች ዱላ አሻግራኛለች።

ጠየቅሽ፣ ደግ። የሰማሽውን ሁሉ ግን ዘረገፍሽው። ለቅሶ ሸንጎ አይደለም። ምራቲቱ ያን ዕለት የመጣችው ልትታረቅ ነበር፤ ከሬሳ ጋርም ቢሆን መታረቅ ነው። አንቺ አስወጣሻት። አልቃሽ የምታውቀው ከምትለው መብለጥ አለበት።

ስለ ሁለቱ መስመር የምለው የለኝም። ገላነሽን አየኋት፤ እስከ ጭኗ ውኃ ውስጥ ቆማ «ቶሎ በይ አንቺ!» ስትለኝ ሰማኋት። ዓይኔ በደከመበት ሰዓት ያየሁት ይህ ነው። አሁን አልቃሽ ነሽ።

እንግዲህ አልቃሽ ከሆንሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኔን ሙሾ ጻፊልኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልነገሩኝም፤ አመተ ሥላሴ ግን ከሆስፒታል ከተመለስን ወዲህ ስታናግረኝ ፊቷን ታዞራለች። ሟርት ነው እንዳትይኝ። ስንት ሰው ሸኝቼ የራሴን ሳልሰማ ብሄድ ይቆጨኛል። በቁሜ ልስማውና ጉድለቱን ልንገርሽ።

ደብሬ


ቁሐር ሚካኤል፣ የካቲት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ደብሬ፤

ለቁም ሰው ሙሾ ጻፊ ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው? ብዕሩን አንሥቼ ስንት ጊዜ አስቀመጥኩት። አያልነህ «ቤቴ ውስጥ እንዳትጽፊው» ብሎኝ ከእህል ጎተራው ሥር ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። ይኸውና፦

ፎገራ ይመስክር፣ ሐሙሲት ይናገር፣
እንደ ደብሬ ያለ አልቃሽ ወዴት ነበር።

ሌላም ስምንት ቤት አለው፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስለ እርስዎ ሴቶቹን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ በወጣትነትዎ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ሙሽሮቹን ሁሉ በዘፈን እንዳሳቁ እንኳ ነግረውኛል። አንዳንዱን ነገር ትቼዋለሁ። አልቃሽ የምታውቀው ከምትለው ይብለጥ ብለውኝ የለ?

የቤትዎን ነገር እንዲያውቁት፦ ወደ አዲሱ መንደር ግቡ ተብለን የርስዎም ቤት ክዳኑ ተነሥቷል። የደጅዎ ግራር ግን ቆሟል።

ይታይሽ


ናዝሬት፣ መጋቢት 1 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይታይሽ፤

ግጥሙን አመተ ሥላሴ አነበበችልኝ። ያምራል። ለማንም አልቃሽ ይሆናል። እኔ የለሁበትም።

የተውሽውን አውቀዋለሁ። የንብረትን ለቅሶ ነው። የአገሩ አልቃሽ ልጇ ሞቶ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስል ነበር» ሲሉኝ ሰምቻለሁ፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም። ከዚያ ወዲያ እዚያ አገር ፊቴን ይዤ መውጣት አልቻልኩም፤ መጣሁ።

ያንን ብትይው ለቅሶው ሸንጎ አይሆንም ነበር። ግን የተውሽው አዝነሽልኝ አይደለም፤ ስለማታውቂው ነው። ሴቱን ሁሉ ጠይቀሽ እኔን አልጠየቅሽኝም። እኔ ገና በሕይወት አለሁ።

ደብሬ


ቁሐር ሚካኤል፣ መጋቢት 17 ቀን 1980 ዓ.ም.

አክስቴ፤

በንብረት ለቅሶ ለምን ዝም አሉ?

ይታይሽ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይታይሽ፤

ይህን በገዛ እጄ ነው የምጽፈው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልኩ። መስመሩ ቢጣመም ታገሺኝ።

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ፈርታ ነው ያለ አለ፤ ደንዝዛ ነው ያለ አለ። አይደለም። ቃል ፈልጌ ነበር። ሬሳው ከሰሜኑ ጦር ሜዳ አልመጣም፤ ጋቢውን ዘርግተው ከፊቴ አኖሩት። «ምሰሶዬ» ልለው አልኩ፤ ለቄሱ ልጅ ብየዋለሁ። «የሜዳ አበባዬ» ልለው አልኩ፤ ያንን ለሁለት ሰው ብየዋለሁ። የማውቀውን ቃል ሁሉ ለሰው ልጅ ጨርሼዋለሁ። ለልጄ የተለበሰ ላልብሰው? አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም፤ እንባው መንገዱ ጠፍቶት ደረቴ ውስጥ ቀርቷል።

የኔን ሙሾ ተይው። የንብረትን ስጪኝ። መታሰቢያው ለሰኔ ሚካኤል ነው። ስለ እሱ የምነግርሽ ብዙ አይደለም፤ ብዙ ሳይሆን ነው የሄደው። የተያዘው ሐሙሲት ገበያ ጨው ሊገዛልኝ ሄዶ ነው፤ ከዚያው ጭነው ወሰዱት። ጀግና አልነበረም፤ ውኃ ይፈራ ነበር። የጎማ ጫማ ገዝቼለት እንዳያልቅ ብሎ በእጁ ይዞት ይሄዳል። ሕፃን ሳለ ላም ወግታው ጆሮው ሸራፋ ነው፤ ማታ ኩራዙ ጠፍቶ ልጆቹ ተዛዝለው ሲተኙ እሱን የማውቀው ጆሮውን ዳብሼ ነው።

ይኸው ነው። ደክሞኛል።

ደብሬ


ቁሐር ሚካኤል፣ ግንቦት 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ደብሬ፤

ሚካኤል ያጽናዎ። ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ ቀደድኩ። የተረፈው ይህ ነው፦

ጨው ሊገዛ ሄዶ ሐሙሲት ገበያ፣
ወጡ አልጫ ቀረ ከዚያ ቀን ወዲያ።

ጫማው እንዳያልቅ በእጁ አንጠልጥሎ፣
በባዶ እግሩ ሄደ ለነገዬ ብሎ።

ቀኝ ጆሮው ሸራፋ ላም የወጋችው ልጅ፣
እናቱ የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በእጅ።

ጀግና አላልኩትም። ሊቀመንበሩ ቅር ቢለው ይበለው፤ እኔም ደክሞኛል። የወደዱት እንደሆን ለሰኔ ሚካኤል አወርደዋለሁ። ካልወደዱት ዝም እላለሁ፤ እንደ እርስዎ።

ይታይሽ


ናዝሬት፣ ሰኔ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይታይሽ፤

የምጽፍልሽ እኔ አመተ ሥላሴ ነኝ። እናቴ ብዕር መያዝ ትታለች፣ ካልጋ አትወርድም። ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ ብዬ፣ አሁን ሹፌር ሆኖ በዚህ ለሚመላለሰው ለደሴ ነው የሰጠሁት።

አነበብኩላት። የጫማውን ስል ሳቀች፤ «ያ ቋጣሪ!» አለች። ሦስተኛውን ሳነብ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ወደኔ ዘረጋች፤ ጆሮዬን ይዛ ዳበሰችው። ከዚያ አለቀሰች። በዚያ በድሮ ድምፅዋ ነው ያለቀሰችው፤ እኔ ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። «ማን ሞተ?» አሏት። «ልጄ ሞተ» አለቻቸው። ከሞተ ስንት ጊዜው ነው ብዬ ላስረዳቸው ነበር፤ እነሱ ግን ተቀምጠው ያለቅሱላት ጀመር፣ እኔም ተውኩት።

ማምሻውን ሁሉም ሲበተን ደክማ የተኛች መስሎኝ ኩራዙን ልወስድ ስል ጠራችኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ለሰኔ ሚካኤል ታውርደው። ግን ጆሮው ግራ ነው። ቀኝ ሲባል ለዜማው እንደሚመቻት አውቃለሁ፤ አሁንም አልጠየቀችኝም። ዜማው ይሰበር። ግራ ትበል።»